የሳህኑ ውሃ

ሐረር፣ ጀጎል
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለአቶ እንደሻው፣

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደረትዎ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለኝ የለም። መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። የአክስቴ ልጅ ጌታነህ የጭነት መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ ሁለት ሳምንት ከአዲስ አበባ አልተነሣም። በፖስታ ልላከው ብል «ፖስታ ቤት ደብዳቤ ይቀብራል» ብለው እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ጆሮዎ ከደከመ ወዲህ ስልኩንም ለጎረቤትዎ ለእትዬ ንግሥት ሰጥተዋታል፤ ስለዚህ ጌታነህን መለመን ዕጣዬ ሆኗል።

ስለ ብርዱ ጠይቀውኛል። አባባ፣ እዚህ ብርድ አለ ለማለት ያሳፍራል። የሰጡኝን ቴርሞሜትር በተከራየሁበት ግቢ ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ጠዋት ጠዋት አነባለሁ። እስካሁን ከአሥራ ሁለት ዲግሪ በታች ወርዶ አላየሁም። እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ቆመው ውርጭ ሲመዘግቡ ኖረው ይህን ቁጥር ሲያዩ ምን እንደሚሉ እያሰብኩ ብቻዬን እስቃለሁ።

«የምቆፍረው መሬት የሌለበት አገር መጥቼ ቁጭ ብዬ ግድግዳ አላይም» ብለውኝ ነበር። ይኸው መሬት አገኘሁልዎ! ከኤረር በር ወጥቶ ሃያ ደቂቃ ቁልቁል ያስኬዳል፤ ጅረቱ ዳር ነው፣ ሜዳ፣ አፈሩ ጥቁር። የእማማ ወለተሥላሴ ነው። አያታቸው ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ወታደር ነበሩ፤ እኛ ተዋውቀን የተግባባነው መድኃኔዓለም ቅጥር ውስጥ ነው። ጫት መትከል የሚፈልግ ሰው ሁሉ መሬቱን ሲጠይቃቸው እምቢ ሲሉ ኖረው ለእኔ ግን እንዲህ አሉኝ፦ «እስከ ፋሲካ ሞክሪበት። ለፋሲካ ከመሬቴ የበቀለ ቀይ ቲማቲም ካሳየሽኝ ያንቺና የአባትሽ ነው፤ በሕይወቴ ሳለሁ ማንም አይነካባችሁም። ካላሳየሽኝ ግን ለጠያቂ እሰጠዋለሁ፤ አትቀየሚኝ።»

አራት መቶ ችግኝ አፍልቻለሁ። ታህሳስ አንድ ቀን ሜዳው ላይ እተክላለሁ። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ የደብረ ብርሃንን ክረምትና በጋ አይችሉትም ማለቱን አልረሳሁም፤ እርስዎም የረሱ አይምሰሉ። እዚህ ውርጭ የለም። የሚቀረው የእርስዎ መምጣት ነው።

ልጅዎ ልደት

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለልደት፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ እጅሽ ይባረክ። ስለ ጤናዬ ጠይቀሻል። ደህና ነኝ፤ ብርዱ እንደ ሁልጊዜው ነው። ንግሥት ምስር ወጥ ታመጣልኛለች፤ ጨው ታበዛለች፤ አልነግራትም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ቴርሞሜትሩን የት ሰቀልሽው? ግድግዳ ላይ! አንቺ እኮ የእኔ ልጅ ነሽ፤ ሰው ቢሰማ ምን ይላል? የዚያ ግቢ ግድግዳ ስንት ክንድ ይወፍራል? ያ ሁሉ ድንጋይ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊቱን ሙሉ ይመልሳል። በዙሪያሽ ያለው ቤት ሁሉ እንደዚያው ነው። አንቺ የለካሽው የሐረርን ብርድ ሳይሆን የአከራዮችሽን ግድግዳ ነው።

መሬቱ ሜዳ ነው፣ ጅረት ዳር ነው፣ ከከተማው በታች ነው ብለሻል። ይህን ሳነብ እንጀራዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። ብርድ እንደ ውሃ ነው፤ ቁልቁል ይወርዳል፣ ጎድጓዳ ሲያገኝ ይተኛል። ስለዚህ አትትከይ። የቆርቆሮ ሳህን ውሰጂና ሜዳው መሐል መሬት ላይ አስቀምጪው፤ ጣት የሚያረጥብ ውሃ አድርጊበት። አመሻሽ ላይ አስቀምጠሽ ጠዋት ፀሐይ ሳይነካው በረዶ ይዞ እንደሆነ እይው። ሳህን አይዋሽም።

አንቺ ቀን ቀጥረሽ ሳለ እኔ ጠብቂ ስላልኩሽ አትከፊ። ጌታነህ ነገ ማለዳ ስለሚነሣ በዚሁ ላብቃ።

አባትሽ እንደሻው

ሐረር
ታህሳስ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከረሙ? እትዬ ንግሥትስ? ውሻው ቡችሎስ? የጓሮው ጌሾስ? ሁሉንም ሰላም ይበሉልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ታህሳስ አሥራ ሰባት ቀን ነው፤ ጌታነህ አዋሽ ላይ ጎማ ፈንድቶበት፣ ከዚያም ድሬዳዋ ጭነት ሲያራግፍ ሰነበተ። አልፈረድኩበትም።

እዚህ ሁሉም ደህና ነው። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ናቸው። አንዷ «የዕፅዋትን ጠላቶች ዘርዝሩ» የሚለውን ጥያቄ «ፍየልና የመምህርት ልደት ቁጣ» ብላ መለሰችው፤ ግማሽ ነጥብ ሰጠኋት። የጀጎልን መንገድ ለምጄዋለሁ፤ አሁን ሳልጠፋ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ። አከራዮቼ ግድግዳውን ለበዓል ኖራ ሊቀቡት ነው። ቴርሞሜትሩን እንዳሉኝ ከግድግዳው አንሥቼዋለሁ።

አንዲት ጎረቤቴ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብላኛለች። የቲማቲም ችግኝ ጠዋት ሲያዩት ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሎ፣ ረፋዱ ላይ ጠቁሮ ቢገኝ ሥሩ ይተርፋል ወይ? እንደገና ያቆጠቁጣል ወይስ ነቅሎ መጣል ነው? ሴትዮዋ በጣም ተጨንቃለች፤ በተቻለዎ መጠን ቶሎ ይመልሱልኝ።

እርስዎ ስለ ሳልዎ ምንም አልጻፉልኝም።

ልጅዎ ልደት

ደብረ ብርሃን
ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለልደት፣

በእርሳስ መጻፌን ይቅር በይኝ፤ ብዕሩ አልቆብኝ ነው።

ለጎረቤትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት። ግንዱ ከመሬት ጀምሮ ከጠቆረ አይተርፍም፤ ነቅላ ትጣለው፤ አታልቅስበት። ደግሞ ንገሪያት፤ አባቷ አልተቆጣም። አራት መቶ ችግኝ ያፈላች ሴት ስለ ውሻና ስለ ጌሾ ጠይቃ ስለ ችግኟ አንድ ቃል ሳትጽፍ ስትቀር፣ አባቷ ጆሮው ቢደክምም ልቡ ይሰማል።

ልደትዬ፣ ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ። እኔ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ፤ የሞቃት አገር ልጅ። ደብረ ብርሃን ምርምር ጣቢያ ስቀጠር ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በመጀመሪያው ጥቅምት ከቤታችን ያመጣሁትን የበርበሬ ችግኝ በሙሉ ጣቢያው ሜዳ ላይ ተከልኩት፤ አገር የተሻለ ነገር እንዲያይ ብዬ። በአንድ ጠዋት አለቀ። አለቃዬ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም፤ ከመሳቢያቸው ቴርሞሜትር አውጥተው ሰጡኝ። ያ አንቺ ግድግዳ ላይ የሰቀልሽው ነው።

የመጨረሻው ውርጭ መቼ እንደሆነ ቀን ይስጡኝ ብለሽ አትጠይቂኝ። ለደብረ ብርሃን እሰጥሻለሁ፤ ለሐረር አላውቅም። እዚያ አገር ውርጭ ሲወርድ የሚከስረው ማነው? እሱን ፈልጊና ጠይቂ። የሚከስር ሰው ቀኑን አይረሳም።

ሌላ ችግኝ አሁኑኑ አፍዪ። የሜዳው ነገር ቆይቶ ይታያል፤ ችግኙን በየቆርቆሮው አድርጊና ያንን ያታለለሽን ግድግዳ አስጠግተሽ ደርድሪው። ያታለለሽን ይካስሽ።

አባትሽ

ሐረር
ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ተቆጥቻለሁ። ግን መጀመሪያ የእኔን ጥፋት ልናዘዝ።

ጎረቤት የለችም፤ እኔ ነኝ። ታህሳስ አንድ ተከልኩ። ታህሳስ አሥራ ስድስት ጠዋት ውሃ ላጠጣ ስወርድ ሜዳው ነጭ ነበር፤ አመዳይ። አራቱ መቶም አንድ ሳይቀር ጠቁሮ አለቀ። አፈሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የእርስዎ ደብዳቤ በማግስቱ ደረሰኝ። «ብርድ ቁልቁል ይወርዳል» የሚለውን ሳነብ ደብዳቤውን አጥፌ ምሳ ሳልበላ ክፍል ገባሁ።

የሚከስር ሰው ፈልጊ ብለውኝ አገኘኋት። ሙና ትባላለች፤ ከሜዳው በላይ፣ ድሬ ጠያራ በሚባለው ገጠር ታርሳለች፤ ጠዋት ጠዋት ኤረር በር ላይ ድንችና ሰላጣ ትሸጣለች። የሆነውን ስነግራት በእጇ አፏን ያዘች። «ወላሂ መምህርት፣ ከላይ ሆነን እያየንሽ ነበር! ጎበዝ ነች፣ የምታውቀው ነገር ቢኖር ነው አልን።» ለምን አልነገራችሁኝም ስላት «አልጠየቅሽና» አለችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ ወስዳ ጫቱን አሳየችኝ። ኮረብታው ላይ ያለው ጫት ለምለም ነው፤ ሜዳው አጠገብ ያለው ጫፍ ጫፉ በእሳት የተለበለበ ይመስላል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ በአጠገቡ ተመላልሼ አላየሁትም። እዚህ አገር ውርጭ ሲወርድ መጀመሪያ የሚሰማው በጫት ገበያ ነው፤ ጫት ሲጠፋ ከተማው ሁሉ ታች አገር መመታቱን ያውቃል።

መቼ ያበቃል ብዬ ጠየቅኳት። «ቀን የለውም። ታች ያለው ጫት አዲስ ጫፍ ያወጣል፤ ሁለት ሳምንት ሳይለበለብ ካደረ አብሽሪ፣ ሄዷል» አለችኝ። እማማ ወለተሥላሴ ግን «ጥምቀት ካለፈ ምን ውርጭ አለ? ተክይ! ፋሲካ እኮ ሚያዝያ አሥራ ሁለት ነው» ይላሉ። እርስዎ ሳይሉኝ ገና ታህሳስ አሥራ ሰባት ያፈላሁት ሦስት መቶ አዲስ ችግኝ አለኝ፤ ግድግዳው ሥር በወተት ቆርቆሮ ተደርድሯል፣ ወፍሯል። ዛሬ ካልተከልኩ ለፋሲካ ቀይ ላይደርስ ነው። ከተከልኩና ከወረደበት ደግሞ ሦስተኛ የለኝም። መሬቱ ይሄዳል።

አሁን የእርስዎ ተራ ነው። ብዕር አልቆ አይደለም በእርሳስ የጻፉት። ተኝተው ስለጻፉ ነው፤ ብዕር ወደ ላይ አይጽፍም። ጌታነህን አፋጥጬው ተናገረ። ዘጠኝ ቀን ተኝተዋል፤ የሳምባ ምች ነው፤ እትዬ ንግሥት ናት በባጃጅ ሐኪም ቤት ያደረሰችዎ። አባባ፣ እንዴት እንዲህ ያደርጉኛል? የችግኝ ሞት ደበቅኩ ብለው የሚያሾፉብኝ እርስዎ ምን ደበቁ? ይምጡ። ቲማቲም ቢደርስም ባይደርስም ይምጡ። ለምኜዎታለሁ።

ልደት

ደብረ ብርሃን
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለልደት፣

ጥፋተኛ ነኝ። ንግሥትም እንዳትነግርሽ አስምያታለሁ፤ እሷን አትውቀሻት። ጌታነህን ግን እኔ እወቅሰዋለሁ። አሁን ድኛለሁ፤ ይኸው በብዕር ነው የምጽፈው።

ለምን እንደደበቅሁሽ ታውቂያለሽ። ብነግርሽ ትምህርት ቤትሽን ትተሽ ትመጫለሽ። ደግሞ ፈራሁ፤ ይህን ለማንም አላልኩም። ሰው በሰባ አንድ ዓመቱ አዲስ አገር ሄዶ ምን ይሆናል? እዚህ ሰማዩን አይቼ የነገውን እናገራለሁ። እዚያ ጆሮ የሌለው አንድ ሽማግሌ ብቻ እሆናለሁ ብዬ ነው።

ደብዳቤሽን ግን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያቺ ሙና የምትይው ሴት በጣቢያው ከነበሩት ባለዲግሪዎች ይልቅ ነገሩ ገብቷታል። ጫቱን ማየት አለብኝ።

ጥር ሃያ ሦስት ከጌታነህ ጋር እነሣለሁ። ለመኖር አይደለም፤ ለማየት ነው። ሁለት ጋቢና የመዝገብ ደብተሬን ይዣለሁ። እስክደርስ አንድም ችግኝ እንዳትተክይ። እማማ ወለተሥላሴ ቢቆጡ «አባቴ ከለከለኝ» በያቸው፤ አንዴ እንኳ ልጠቅምሽ።

አባትሽ እንደሻው

ሐረር
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
(ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ድስቱ ሥር)

አባባ፣

ማታ በምልክት እየተነጋገርን ስንጯጯህ አከራዮቻችን የተጣላን መሰላቸው። ስለዚህ ወደ ደብዳቤያችን ብንመለስ ይሻላል። ገንፎው ትኩስ ነው፤ ቅቤው መደርደሪያው ላይ ነው።

ሙና ዛሬ ምን እንዳለችኝ ልንገርዎ። «ያ አባትሽ ጫት ሥር ተንበርክኮ ቅጠል የሚያገላብጠው፣ ይገዛል ብዬ ነበር፤ አንድ ሰዓት አይቶ አመስግኖኝ ሄደ!» ደግሞም «ጨዋ ሰው ነው፤ ቡቃያውን በእጁ አልነካም፤ በዓይኑ ብቻ» አለች። ገበያው ሁሉ አውቆዎታል።

የማልስማማበትን አሁን ልጻፈው፤ በጩኸት አልሆነልኝም። ከመጡ ስምንት ቀንዎ ነው። ሳህኑ በእነዚህ ቀናት ሁሉ ውሃ ነው። ጫቱ አዲስ ጫፍ አውጥቷል። እማማ ወለተሥላሴ ትናንት ከቅዳሴ ስንወጣ «ሽማግሌው መሬቴ ላይ ሊተክሉበት ነው ወይስ ሊጸልዩበት?» አሉኝ። ችግኙ በቆርቆሮው ውስጥ አበባ ይዟል፤ ሥሩ ተጨንቋል። ነገ ልትከል። ፈቃድዎን ካልሰጡኝም ልተክለው እችላለሁ፤ ግን ያለ ፈቃድዎ እጄ እምቢ አለኝ።

ልደት

የካቲት 3
(ያው ጠረጴዛ)

ልደትዬ፣

ገንፎው ቆንጆ ነበር።

ዛሬ ማለዳ ወርጄ ነበር። ሳህኑን ይዤልሽ ልመጣ ብዬ በመንገድ እንደሚቀልጥ አውቄ ተውኩት። ሙና አይታዋለች፤ ምስክሬ ናት። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ በረዶ ነበረበት። በጣቴ ስነካው ተሰበረ። ሜዳው መሐል ብቻ ነው፤ ዳር ዳሩ የለም።

ፈቃድ ስትጠይቂኝ ለመስጠት ተቃርቤ ነበር። በእውነቱ ትናንት ማታ እሺ ብዬ ጽፌ ወረቀቱን ኪሴ ከትቼዋለሁ። እግዚአብሔር ነው ጠዋት ያስወረደኝ።

አሁን የማደርገውን ልንገርሽ። ከነገ ጀምሮ ጫቱ አልተለበለበም፣ ሳህኑ አልረጋም እያልኩ እቆጥራለሁ። አሥራ አራት ሲሞላ እንተክላለን፤ ሜዳው መሐል ሳይሆን ሙና ባሳየችኝ ዳገቱ እግር ሥር። ቦታው ጠባብ ነው፤ ሁለት መቶ ይበቃናል። መዘግየቱ አያስጨንቅሽ። ግድግዳሽ ስንት ሳምንት አትርፎልናል መሰለሽ? አበባ የያዘ ችግኝ ሜዳ ላይ ከተተከለ ሕፃን ችግኝ አንድ ወር ይቀድማል። ያ ግድግዳ ቴርሞሜትር አይሆንም እንጂ ጥሩ ሞግዚት ነው።

አባትሽ

የካቲት 17
(ጠረጴዛው ላይ)

አባባ፣ አሥራ አራት ሞላ! ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ሙናና እህቷም ይመጣሉ። ጋቢዎን ይተዉት፤ ይሞቅዎታል። ካልሳሉ ሦስተኛ ሳምንትዎ መሆኑን ልብ ብለዋል? እኔ ልብ ብያለሁ፤ እየቆጠርኩ ነው።
ልደት

ሚያዝያ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የቀዳም ሥዑር ዕለት
(ጠረጴዛው ላይ፣ ከሦስት ቲማቲም ጋር)

ለልጄ ለልደት፣

አንቺ ቤተ ክርስቲያን ሳለሽ ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ። በደብዳቤ የምነግርሽ ፊቴን አይተሽ እንዳትስቂብኝ ነው።

ጠዋት አሥራ አንድ ቲማቲም ለቀምኩ። ሌላው ገና አረንጓዴና ብርቱካናማ ነው፤ እነዚህ ግን ቀይ ናቸው፤ ማንም የማይከራከርባቸው ቀይ። አምስቱን ለእማማ ወለተሥላሴ፣ ሦስቱን ለሙና ወሰድኩ። ሙና አንዱን እዚያው ገምጣ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ከከንፈሯ አነበብኩት። እማማ ወለተሥላሴ ነጭ ጨርቅ አምጥተው ቲማቲሙን ጠቀለሉት፤ ነገ ጠረጴዛ ላይ አኑሬ ለእንግዳ አሳየዋለሁ አሉ። ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፉልኝ፦ «መሬቱ የእርስዎና የልጅዎ ነው። ቃሌ ነው።» ወረቀቱን ደብተሬ ውስጥ አድርጌዋለሁ። በየካቲት «ሊጸልዩበት ነው?» ስላሉት ነገር ይቅርታ ጠየቁኝ፤ አንቺ ጽፈሽልኝ እንደማውቀው ሳልነግራቸው ይቅር አልኳቸው።

ለንግሥትም ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ጌታነህ ከበዓል በኋላ ይወስደዋል። ከማሸግሽ በፊት አንብቢው። የደብረ ብርሃኑን ቤት ለእህቷ ልጅ እንድታከራየው፣ ቡችሎን እንድትወስደው፣ ቁልፉን እንድትይዘው ነው የምጠይቃት። ደብተሬንም ዛሬ አዲስ ገጽ ከፈትኩ። ከላይ «ሐረር፣ ከኤረር በር በታች» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ «የመጨረሻ ውርጭ፣ የካቲት 3 ቀን 2017» አልኩ። የአንድ ዓመት ቁጥር ብዙ አይናገርም፤ አሥር ዓመት መመዝገብ ያስፈልጋል። ዕድሜ ከሰጠኝ እዚሁ ሆኜ እመዘግበዋለሁ።

ዛሬም ለልማድ ያህል ሳህኑን ወርጄ አየሁት። ውሃ ነው።

አባትሽ